ምዕራፍ ሰባት፦ ጥርሱ የማይታይ መሬት

በገበያ ቀን በሬ የሚገዛ ገበሬ ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት የበሬውን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ያያል። ሻኛውን ይዳስሳል፣ ሰኮናውን ይመለከታል፣ ወዲያና ወዲህ አስነድቶ አረማመዱን ይከታተላል። ሻጩ «ቀንበር የለመደ ነው» ቢለው ቃሉን ብቻ ይዞ አይሄድም፤ በሬው የመጣበትን ቀዬና የባለቤቱን ስም ጠይቆ ያጣራል። ለዚህ ሁሉ ምርመራ የሚከፍለው ሳንቲም የለም። ዓይኑና ልምዱ ይበቁታል።

ያው ገበሬ ከልጆቹ ጋር ተማክሮ ከተማ ውስጥ ቤት የሚሠራበት ቦታ በሊዝ ለመውሰድ ቢነሣስ? ቦታው ቀድሞ ጋራዥ ነበረ እንበል። የተቃጠለ ዘይት ለዓመታት ሲደፋበት የኖረ አፈር አንድ ክረምት ከዘነበበትና ሣር ከለበሰ በኋላ ከጎረቤቱ ግጦሽ አይለይም። የነዳጅ ማደያ ታንከር ከመሬት ተነቅሎ ጉድጓዱ በገረጋንቲ ከተሞላ፣ የሚያየው ሰው እንዲያውም ጥሩ የተደለደለ ቦታ አገኘሁ ብሎ ይደሰታል። የዚህን መሬት ጥርስ ማየት የሚቻለው መሬቱን ሰርስሮ፣ አፈሩን ወደ ላቦራቶሪ ልኮ፣ ለዚያም ከፍሎ ነው።

በምዕራፍ ሦስት እንደ እርሳስ፣ መዳብና ካድሚየም ያሉ ብረቶች አፈር ውስጥ ከገቡ በኋላ ለምን እንደማይበሰብሱ አይተናል። በምዕራፍ አምስት ደግሞ ከተሞቻችን ቦታ ለአልሚ የሚያስተላልፉበትን የሊዝ አሠራር ተከትለናል። ይህ ምዕራፍ ሁለቱን ያገናኛል። ፋብሪካ፣ ጋራዥ፣ የኬሚካል መጋዘን ወይም ማደያ የነበረ መሬት ለሌላ ሥራ ከመሰጠቱ በፊት ለምርመራው ገንዘቡን ማን ያውጣ? እኔ የሕዝብ ገንዘብ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱንም በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባለው ደጋ ላይ ቆመን እንመልከተው።

አፍ መክፈት የተከለከለበት ገበያ

በበሬ ገበያ የበሬ አፍ መክፈት ተከለከለ እንበል። ጤነኛ በሬ ያመጣውም፣ የታመመ በሬ ያመጣውም «በሬዬ ጤነኛ ነው» ይላል። ገዢው መለየት ስለማይችል ለሁሉም ዝቅ ያለ፣ ስጋቱን የቆጠረ ዋጋ ይሰጣል። ጤነኛ በሬ ያለው ሰው በዚያ ዋጋ መሸጥ ስለማያዋጣው በሬውን ነድቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ገበያው ላይ የሚቀሩት በአብዛኛው የታመሙት ይሆናሉ። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ይህንኑ ሐሳብ በሒሳብ አሳይቷል፤ በ2001 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ የሆነውም በዚህ መስመር በሠራው ሥራ ነው።

የኢንዱስትሪ መሬትም ዕጣው ይኸው ነው። አንድ አሮጌ የፋብሪካ ግቢ መርዝ ይኑርበት አይኑርበት ካልታወቀ ባለሀብቱ ይሸሸዋል፣ ባንኩም ብድር ለመስጠት ያመነታል። ጥርጣሬው ብቻውን መሬቱን ያስረዋል፤ ግቢው ምንም ባይኖርበትም እንኳ። ከተማዋ ግን ማደጓን አታቆምም፤ መሬት ከሌላ ቦታ ትፈልጋለች። ደብረ ታቦር በአራቱም ማዕዘን በፋርጣ ወረዳ የተከበበች ናት። ወደ የትም ብትሰፋ የምትደርስበት የገብስ፣ የድንች ወይም የባቄላ ማሳ ነው። መሀል ከተማ የሚገኝ አንድ ሄክታር በጥርጣሬ ታስሮ በቆመ ቁጥር ዳር ላይ ያለ ገበሬ አንድ ሄክታር ማሳውን ይለቃል። ይህን ጉዳይ የኬሚስቶች ጉዳይ ብቻ አድርጌ የማላየው ለዚህ ነው፤ የአርሶ አደሩም ጉዳይ ነው።

«ታዲያ ቦታውን የሚፈልግ ሰው ራሱ ያስመርምር» የሚል ይኖራል። ቦታው ለጨረታ ቢቀርብና አሥር ተጫራቾች ቢመጡ አሥሩም ያንኑ አፈር ሊሰረስሩ ነው፤ ለአንድ እውቀት አሥር ጊዜ ይከፈላል። ዘጠኙ ጨረታውን ሲሸነፉ የምርመራ ወጪያቸው ይባክናል። ይህን አስቀድመው ስለሚያውቁ ማንም አይመረምርም። አንዱ ቢመረምርና መጥፎ ነገር ቢያገኝ ደግሞ ውጤቱን ለማንም ሳይነግር ከጨረታው ይወጣል፤ ቦታውን የሚወስደው ያልመረመረው ይሆናል። እውቀቱ ተገዝቶ እንኳ ለሕዝብ ሳይደርስ ይቀራል ማለት ነው።

ጋፋትን እንደ መማሪያ

ደቡብ ጎንደር ውስጥ ምን ኢንዱስትሪ ነበርና ነው የሚል ሰው ጋፋትን ዘንግቷል። ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብላ የምትገኘው ጋፋት በኢትዮጵያ ታሪክ ከታወቁት የማምረቻ ቦታዎች አንዷ ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው ባደረጉበት ዘመን በአብዛኛው ለወንጌል ሥራ የመጡ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን በዚያ አስፍረው መድፍ እንዲያቀልጡላቸው አዘዙ። ቴዎፊል ዋልድማየርና ካርል ሳልሙለር ባዝል ከተማ አጠገብ ከሚገኘው የቅዱስ ክሪሾና ማሠልጠኛ የመጡ ነበሩ፤ ሞሪትዝ ሆል ከፖላንድ፣ ቡርጎ ደግሞ ከፈረንሳይ። ከእነርሱም ጋር ሙያውን የተማሩ የአገር ልጆች ሠሩ። ከዚያ የወጣው ትልቁ ሥራ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሡ መድፉ ገደልና ሸለቆ እየተሻገረ መቅደላ ድረስ ተጎተተ።

ጋፋት ተመርዛለች ማለቴ አይደለም። ማቅለጫው የሠራው ለጥቂት ዓመታት ነው፣ መጠኑም ከዘመናዊ ፋብሪካ ጋር አይወዳደርም። የመረጥኳት የቦታ ምርመራ ምን እንደሚጠይቅ በግልጽ ስለምታሳይ ነው።

የመድፍ ነሐስ የመዳብና የቆርቆሮ ቅይጥ ነው። ስለዚህ የመርማሪው የመጀመሪያ ጥያቄ ምን ፈልጌ ልሰርስር የሚል ነው፤ መዳብና ቆርቆሮ፣ ከአሮጌ ዕቃ የቀለጠ ከሆነም እርሳስ። ሁለተኛው ጥያቄ የት የሚል ነው። እሳቱ የነደደበት፣ ቅርጽ ማውጫው የተቀበረበት፣ ዝቃጩና አመዱ የተጣለበት ቦታ ይለያያል፤ መርማሪው ወናፉን ሳይሆን የቆሻሻ መጣያውን ነው አጥብቆ የሚፈልገው። ሦስተኛው ጥያቄ ዛሬ በቦታው ማን ምን ያደርጋል የሚል ነው፤ ከብት ይሰማራል፣ ድንች ይተከላል ወይስ ልጆች ይጫወታሉ?

ለጋፋት የሚጨመር አንድ ነገር አለ። ኬሚስቱ «የብክለት ምንጭ» የሚለው ጥቁር ዝቃጭ ለአርኪዮሎጂ ባለሙያው ማስረጃ ነው። ማቅለጫው በስንት ዲግሪ ሙቀት እንደሠራ፣ ምን ዓይነት ከሰል እንደነደደ፣ ቅይጡ ምን ያህል እንደተመጠነ የሚናገረው ያ ዝቃጭ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ በግሬደር «ሲጸዳ» የአገር ታሪክ አብሮ ይጠረጋል። ሁለቱ ሙያዎች አንድ ጉድጓድ አፋፍ ላይ አብረው መቆም አለባቸው። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ስሙን ከጋፋት መውሰዱ ለዚህ ሥራ መልካም አጋጣሚ ይመስለኛል።

ምንጭ፣ መንገድ፣ ተቀባይ

የዚህ ሙያ እምብርት በሦስት ቃላት ይጠቃለላል፤ ምንጭ፣ መንገድ፣ ተቀባይ። ምንጭ ማለት መርዙ ያለበት ቦታ ነው፤ መንገድ መርዙ የሚጓዝበት፤ ተቀባይ የሚጎዳው ሰው፣ እንስሳ ወይም ሰብል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አደጋ የለም። ሦስቱም ካሉ አደጋ አለ።

የጋራዡን ዘይት እንውሰድ። ምንጩ የራሰው አፈር ነው። ከጎኑ የውኃ ጉድጓድ ካለ መንገዱ የከርሰ ምድር ውኃ፣ ተቀባዩ ከዚያ የሚቀዳው ቤተሰብ ነው። ጉድጓድ ከሌለና ቦታው በኮንክሪት ከተሸፈነ ግን ዘይቱ እዚያው እያለ መንገዱ ተቆርጧል። በጊዜ ብዛትም የአፈር ባክቴሪያዎች ናፍጣንና ዘይትን ቀስ በቀስ ይበሉታል። እርሳስን የሚበላ ባክቴሪያ የለም። በዛምቢያ የካብዌ የእርሳስ ማዕድን ማውጫ የተዘጋው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው፤ የከተማዋ ልጆች ደም ውስጥ ግን ከዚያ በኋላም ለዓመታት ከፍተኛ እርሳስ ሲገኝ ቆይቷል። እዚያ መንገዱ አቧራ ነው። ሕፃን መሬት ላይ ይጫወታል፣ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል፤ እርሳስ ደግሞ የልጅን አእምሮ እድገት ይጎዳል።

ቦታው ጥቅሙ ሲቀየር መመርመር ያለበትም ለዚህ ነው። አፈሩ ሳይለወጥ ተቀባዩ ይለወጣል። ቀን ቀን ጥቂት ሠራተኞች ጫማ አድርገው የሚመላለሱበት መጋዘን ወደ መዋዕለ ሕፃናት ሲቀየር ያው አፈር ሌላ አፈር ይሆናል።

ከደቡብ ጎንደር ደጋ አንጻር እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች በደንብ መታየት አለባቸው። የመጀመሪያው ተፈጥሮ ራሱ የሚያስቀምጠው መጠን ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጉና ተራራ የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው፣ የአካባቢው አለትም ባብዛኛው ባዛልት ነው። ከባዛልት የተገኘ አፈር በተፈጥሮው መዳብ፣ ኒኬልና ክሮሚየም ከሌላው አፈር ይበልጥ ይይዛል። ከአውሮፓ የመጣ የመጠን ሠንጠረዥ ብቻ ይዞ የሚመጣ መርማሪ ፋብሪካ አይቶ የማያውቅ ማሳን «የተበከለ» ሊለው ይችላል። ስለዚህ ከተጠረጠረው ቦታ ናሙና ሲወሰድ ማንም ካልነካው፣ ተመሳሳይ አለት ላይ ካለ ጎረቤት መሬትም ይወሰዳል፤ ፍርዱ የሚሰጠው ሁለቱ ተነጻጽረው ነው። በስምጥ ሸለቆ ያሉ ወገኖቻችንን ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድም ከአለቱ የመጣ እንጂ ፋብሪካ ያመጣው አይደለም፤ ጉዳቱ ግን እውነተኛ ነው። ምንጩን መለየት መፍትሔውን ይለውጣል።

ሁለተኛው የአፈር ኮምጣጣነት ነው። በፋርጣና በላይ ጋይንት ያሉ ገበሬዎች አፈራቸው ኮምጣጣ ሆኖ ገብሱ እየቀጨጨ ስላስቸገራቸው ኖራ መበተን ጀምረዋል። ኮምጣጣ አፈር ብዙዎቹን ብረቶች ይፈታቸዋል፤ ከአፈሩ ቅንጣት ተላቀው ወደ ውኃና ወደ ተክል ሥር ይሄዳሉ። ኖራ የተጨመረበት አፈር መልሶ ይይዛቸዋል። ስለዚህ ላቦራቶሪው የብረቱን መጠን ብቻ ቢነግረን አይበቃም፤ የአፈሩን ኮምጣጣነት ካልለካ መንገዱ ክፍት ይሁን ዝግ አናውቅም። የርብና የጉማራ ወንዞች ከዚህ ደጋ ተነሥተው ፎገራን አቋርጠው ጣና ይገባሉና የእነዚህ ኮረብቶች መንገድ የሚያልቀው ሩቅ ነው።

መሰርሰሪያው ከመውረዱ በፊትና በኋላ

ምርመራው ሁለት ደረጃ አለው። በመጀመሪያው ደረጃ አንዲት እፍኝ አፈር አይነሣም። መርማሪው ቦታውን ይዞራል፣ የማዘጋጃ ቤት መዝገብ ያገላብጣል፣ የድሮ ካርታና የአየር ፎቶግራፍ ከኅዋ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ያስወጣል፣ ከሁሉም በላይ ሽማግሌዎችንና ጡረተኛ ሠራተኞችን ያነጋግራል። «አባባ፣ ዘይቱን ሲቀይሩ የት ነበር የሚደፉት?» የሚለው ጥያቄ ሃያ ጉድጓድ ከመሰርሰር ሊያድን ይችላል። የአዛውንቱ መልስ ነገ ላይገኝ ስለሚችል ይህ ደረጃ ከሁሉም ይልቅ አስቸኳይ ነው። ወጪውም ደመወዝ፣ ትራንስፖርትና አበል ብቻ ነው።

ጥርጣሬው ከጸና ሁለተኛው ደረጃ ይጀመራል። ቦታው በገመድና በችካል ይከፋፈላል። ባለሙያው አናቱ ላይ አግድም እጀታ ያለውን የእጅ መሰርሰሪያ እያዞረ ያወርዳል፤ የወጣውን አፈር በተዘረጋ ላስቲክ ላይ በወጣበት ተራ ይደረድራል። ከላይ ቀዩ የደጋ አፈር ይመጣል። አንድ ክንድ ያህል ሲወርድ ቀለሙ ወደ ግራጫ ከዞረና የናፍጣ ሽታ ካመጣ ታሪኩ ተጀምሯል፤ ዘይት የጠገበ አፈር ውስጥ አየር ስለሚያልቅ የአፈሩ ቀይነት ይጠፋል። ለዘይት ምርመራ የሚሄደው ናሙና በብርጭቆ ዕቃ እስከ አፉ ተሞልቶ በበረዶ ሳጥን ይጓዛል፤ አየር ካለበት የሚተንነው ነገር ተንኖ ያልቃል፣ ላቦራቶሪውም «ንጹሕ ነው» ብሎ ያሳስታል። ለብረት ምርመራ ግን ተራ የላስቲክ ከረጢት ይበቃል። ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው ሲኬድ መሰርሰሪያው ይታጠባል፤ ካልታጠበ መርማሪው ራሱ ብክለቱን እያዛመተ ነው። እያንዳንዱ ናሙና ላይ ቀን፣ ጥልቀትና የጉድጓድ ቁጥር ይጻፋል።

እነዚህን ጥቃቅን ነገሮች ያነሣሁት ገንዘቡ የት እንደሚሄድ እንዲታይ ነው። የሚከፈለው ለጥንቃቄ ነው። ርካሽ ምርመራ ተብሎ ሦስት ቦታ ብቻ ተቆፍሮ፣ ናሙናው ፀሐይ ላይ ውሎ፣ «ችግር የለበትም» የሚል ማኅተም ቢደረግበት ካልተመረመረ መሬት የባሰ ነው፤ ሐሰተኛ መተማመን ይሰጣልና።

በአንድ ዶላር የተላለፈ ቦታ

የተበከለ ቦታ ለሌላ ጥቅም ሲተላለፍ የሚሆነውን ዓለም የተማረው በአሜሪካ ናያጋራ ፎልስ ከተማ ነው። ሁከር የተባለ የኬሚካል ኩባንያ ከ1942 እስከ 1953 እ.ኤ.አ. ድረስ ላቭ ካናል በሚባል ያልተጠናቀቀ ቦይ ውስጥ ወደ 21,000 ቶን የሚጠጋ የኬሚካል ዝቃጭ ቀበረ። በ1953 እ.ኤ.አ. ቦታውን በአፈር ከደነና ለከተማው የትምህርት ቦርድ በአንድ ዶላር አስተላለፈው፤ በውሉ ላይ ከኬሚካሉ ለሚደርስ ጉዳት ተጠያቂ እንደማይሆን አስጽፎ ነበር። ትምህርት ቤት ተሠራ፣ ዙሪያውን ቤቶች ተሠሩ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ኬሚካሉ ወደ ምድር ቤቶች መስረግ ጀመረ። በ1978 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ካርተር የአስቸኳይ ጊዜ አወጁ፤ በጠቅላላው ከ900 በላይ ቤተሰቦች ቀያቸውን ለቀቁ፤ ጽዳቱ ከሃያ ዓመት በላይ ወስዶ ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ጨረሰ።

አሜሪካ በ1980 እ.ኤ.አ. ብክለት ያደረሰው እንዲያጸዳ የሚያስገድድ ብርቱ ሕግ አወጣች። ሕጉ ያልታሰበ ውጤትም አመጣ፤ ተጠያቂነቱን የፈሩ ባለሀብቶች አሮጌ የፋብሪካ ቦታዎችን በሙሉ ሸሹ። በዚህ ጊዜ ነው የምርመራ ገንዘብ ሐሳብ የመጣው። የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ ለከተሞች እስከ 200,000 ዶላር የሚደርስ የሙከራ ድጋፍ መስጠት ጀመረ፤ አሠራሩ በ2002 እ.ኤ.አ. በሕግ ጸና፤ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ ደግሞ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ጨመረበት። ገንዘቡ በመጀመሪያ ለማወቂያ፣ ቀጥሎ ለማጽጃ ነው። ብዙ ቦታ ሲመረመር ከተፈራው ያነሰ ነገር ይገኝበታል፤ ጥርጣሬው ሲነሣ ባለሀብቱ በራሱ ገንዘብ ይመጣል።

የኛ ሕግ ምን ይላል?

የእኛ ሁኔታ ከአሜሪካ በአንድ ትልቅ ነገር ይለያል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ከ1967 ዓ.ም. አዋጆች ወዲህ የከተማ ቦታ የግል ባለቤት የለውም። በበሬው ገበያ አነጋገር፣ ሻጩ ምንጊዜም ሕዝቡ ራሱ ነው። ሻጭ በሬውን ሳያውቅ ገበያ አያወጣም፤ ከተማም የሚያስተላልፈውን ቦታ ጤና አውቆ ማስተላለፍ አለበት። ለዚህ ነው የምርመራ ወጪ ለባለሀብት የሚደረግ ችሮታ ነው ሲባል የማልስማማው። ባለቤት የራሱን ንብረት እየመረመረ ነው።

አዋጆቹን ስናይ ክፍተቱ ይታያል። የ1995ቱ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ፕሮጀክቱ አካባቢውን ምን ያደርጋል ብሎ ይጠይቃል፤ ወጪውንም በፕሮጀክቱ ባለቤት ላይ ያደርጋል። ዓይኑ ወደ ፊት ነው። መሬቱ ከትናንት ይዞት የመጣው ነገር በሚመጣው ነዋሪ ላይ ምን ያደርጋል የሚለው የኋሊት ጥያቄ ነው። የዚያው ዓመት የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ የበከለ ያጽዳ ይላል፤ ትክክለኛ መርሕ ነው። የ2004ቱ የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለጨረታ የሚወጣ ቦታ ከማንኛውም ወገን ይገባኛል ነጻ እንዲሆን፣ ከከተማው ፕላን ጋር እንዲስማማ፣ መሠረተ ልማት እንዲኖረውና ወሰኑ እንዲለይ ያዛል። በዚያ ዝርዝር ላይ «ታሪኩ የተጣራና አፈሩ የታወቀ» የሚል አንድ መስመር ቢጨመር ብዙ ነገር ይለወጥ ነበር።

የበከለ ያጽዳ ሲባል የበከለው ማን ነው? በ1967 ዓ.ም. ደርግ ከ70 በላይ የግል ኢንዱስትሪዎችንና የንግድ ድርጅቶችን ወረሰ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ብዙዎቹ መልሰው ወደ ግል ዞሩ። የአንድ አሮጌ ፋብሪካ አፈር ላይ የመጀመሪያው ባለቤት፣ መንግሥትና የዛሬው ባለቤት እያንዳንዳቸው የየድርሻቸውን አፍስሰዋል። ክፍፍሉን ለፍርድ ቤት ማስረዳት የሚችለው ምርመራ ብቻ ነው። መርዙ በየትኛው ጥልቀት፣ በየትኛው ዘመን ዝቃጭ ውስጥ እንዳለ ካልታወቀ ማንም ማንንም ሊከስ አይችልም። የሕዝብ የምርመራ ገንዘብ በካዩን ነጻ ያወጣዋል የሚለው ክርክር ስለዚህ አያስኬድም፤ ያለ እርሱ ነው በካዩ ነጻ የሚወጣው።

ጥያቄው የሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባ ለገሃር ባቡር በ1917 እ.ኤ.አ. የደረሰበት ሰፊ ግቢ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ወደ መኖሪያና ንግድ መንደር ለመለወጥ የተመረጠ ነው። የባቡር መጠገኛ የነበረበት ግቢ በየትም አገር ስለ ዘይት፣ ስለ ማሟሟቻና ስለ ባትሪ አሲድ ይጠየቃል። ድሬዳዋም፣ በጣሊያን የጦር ካሳ በተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ የምትታወቀው ባሕር ዳርም ተራቸው ሲደርስ ያው ጥያቄ ይጠብቃቸዋል።

አንድ ሥጋት ግን በግልጽ መነገር አለበት። የከተማ አስተዳደር ከሊዝ ገቢ ይጠብቃል። ምርመራ መጥፎ ዜና ካመጣ ገቢው ይቀንሳል፣ ኃላፊነትም ይመጣል። ስለዚህ ከንቲባው አለማወቅን ቢመርጥ አይገርምም። ገንዘቡ ከከተማዋ ካዝና ሳይሆን ከክልል ወይም ከፌዴራል ቢመጣ፣ መርማሪውም ለሊዝ ጽሕፈት ቤቱ ተጠሪ ባይሆን ይህ ፍርሃት ይቀላል።

መቁጠርን አስቀድመን አውቀናል

ኢትዮጵያ ይህን ዓይነት ሥራ ጨርሶ አታውቀውም ማለት አይቻልም። ለአንበጣ መከላከያና ለእርሻ የገቡ ፀረ ተባይ ኬሚካሎች ለአሥርት ዓመታት ጊዜያቸው አልፎ በየክፍለ ሀገሩ መጋዘን ተከምረው ነበር። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት አስተባባሪነትና በለጋሽ አገሮች ገንዘብ መጋዘን በመጋዘን ቆጠራ ተደረገ። ከዚያ ወደ 1,500 ቶን የሚሆነው ታሽጎ በመርከብ ፊንላንድ ሄዶ በከፍተኛ ሙቀት ተቃጠለ። ቆጠራው ባይቀድም ኖሮ ማንም ለማቃጠያው አይለግስም ነበር፤ ለጋሽ ስንት ቶን፣ የትና በምን ሁኔታ እንዳለ ካላወቀ በጀት አይመድብም። ከበርሜሎቹ ሥር የቀረው አፈር ግን የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ነው። በርሜል ይቆጠራል፤ የፈሰሰው አይቆጠርም።

ደብረ ታቦር ላይ ቢጀመር

በደቡብ ጎንደር ግዙፍ ፋብሪካዎች የሉም። ይህ ለመጀመር ያመቻል፤ ዝርዝሩ አጭር ነው። በወረታ፣ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ወልድያ የሚያልፈው፣ ቻይናዎች የሠሩት መንገድ ዳር ያሉ ጋራዦችና ማደያዎች፣ የመንገድ ሥራ ካምፖችና አስፋልት የተቀላቀለባቸው ሜዳዎች፣ የድሮ የግብርና ኬሚካል መጋዘኖች፣ ዳገቱ ላይ ደግሞ ጋፋት። የመጀመሪያው ደረጃ ምርመራ ለእነዚህ ሁሉ በአንድ በጋ ሊሠራ ይችላል። ሽማግሌ የሚያነጋግሩት፣ ካርታ የሚያገላብጡት የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር ሊሆኑ ይችላሉ። ከዝርዝሩ ብዙዎቹ በዚያ ደረጃ ከጥርጣሬ ይወጣሉ፤ መሰርሰሪያ የሚወርድባቸው የቀሩት ጥቂቶቹ ናቸው።

ውጤቱ መሳቢያ ውስጥ መቅረት የለበትም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 እያንዳንዱ ይዞታ የራሱ መለያ ቁጥርና ማኅደር እንዲኖረው ደነገገ። የቦታው ታሪክ መጻፍ ያለበት እዚያው ማኅደር ላይ ነው፤ ጋራዥ የነበረ መሆኑ፣ ዘይቱ እስከ ምን ጥልቀት እንደወረደ፣ ለመኪና ማቆሚያ እንደሚሆንና ለመኖሪያ ከመዋሉ በፊት ግን የላይኛው አፈር መነሣት እንዳለበት። ቦታው ስንት እጅ ቢለዋወጥ ጽሑፉ አብሮት ይሄዳል፤ ላቭ ካናል ላይ የጠፋው ይህ ነበር።

የተነሣውን አፈር ማን ይጭነዋል፣ የትስ ይራገፋል፣ ሳይነሣ እዚያው በተክልና በባክቴሪያ ማዳን የሚቻለው መቼ ነው የሚለውን በሚቀጥለው ምዕራፍ እናያለን።